ከሰገራ ምርመራ ወደ ለውዝ ሥር፦ የሳንጃው ማሳ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር

በወንዙ ዳር ያለው የማሳችን ክፍል ዘንድሮም ምርት ከለከለን። ለውዙ ጨርሶ አልደረቀም፤ በቦታ በቦታ ቢጫ ሆኖ፣ ቁመቱ አጥሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ጥሎ ማታ ቀና እያለ ክረምቱን ገፋ። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ለሚያየው የታመሙት ቦታዎች ክብ ክብ ናቸው፤ ዓምና ከነበሩበትም ሰፍተዋል። ታላቅ ወንድሜ «መሬቱ ደክሟል» ይላሉ። ዳፕም ዩሪያም ሰጥተውታል፤ መሬቱ ግን አልተነሣም።

እኔ ገበሬ አይደለሁም። ዕድሜዬን ጎንደር ከተማ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ሰገራ ስመረምር የኖርሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። በዚህ ወር ትክል ድንጋይን አልፌ ወደ ሳንጃ የወረድሁት ለውዝ በማውጣት ላግዝ እንጂ ምርምር ልጀምር አልነበረም። ነገር ግን ከቢጫው ክብ ውስጥ አንዱን ተክል ነቅዬ ሥሩን ሳየው እጄ ከሥራው ተገታ።

የለውዝ ሥር ጤነኛም ሆኖ እንክብል አያጣም። ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ የሚያቀብሉ ባክቴሪያዎች በሥሩ ጎን ላይ ትንንሽ ክብ እንክብሎች ይሠራሉ። እነዚህን በጥፍር ገፋ ሲያደርጓቸው ይነቀላሉ፤ ሲሰነጠቁም ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ነው። እኔ የያዝሁት እባጭ ግን ጎን ላይ የተለጠፈ አልነበረም፤ ያበጠው ሥሩ ራሱ ነው። በጥፍር አይላቀቅም፤ ሲሰነጠቅ ነጭ ነው። ከአበባው ተነሥቶ አፈር የሚወጋውና ፍሬውን የሚሸከመው ቀጭን ዘንግም አብጦ ጠቁሯል፤ ስስበው ዘንጉ በእጄ ላይ ቀረ፣ ፍሬው አፈር ውስጥ ቀረ። የወጣው ፍሬ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ ኪንታሮት የመሰለ ነገር አብቅሏል።

«የሥር እባጭ ኔማቶድ ነው» አልኋቸው።

«ምንድን ነው እርሱ?»

«ትል ነው፤ በዓይን አይታይም።»

«በዓይን የማይታየውን ትል አንተ በምን አይተኸው ነው የምትነግረኝ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳላይ ምርመራ የጻፍሁበት ጊዜ የለም፤ በለውዝም አልጀምርም።

ታኅሣሥ

አፈር ወስጃለሁ። የታመመው ክብ መሀሉ ላይ ሥሩ አልቆ ትሉም የሚበላው አጥቶ ሊሳሳ ስለሚችል፣ የወሰድሁት ከክቡ ዳርቻ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ከሚገናኙበት ነው። በየቦታው እየተዟዟርሁ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በመቆፈር ጥቂት ጥቂት አንሥቼ አንድ ላይ ደባለቅሁት። ደህና ከሚመስለው የላይኛው ክፍልም ለብቻው ወሰድሁ። በሳንጃ ፀሐይ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለ አፈር ከአንድ ሰዓት በኋላ ትሉን ቀቅሎ ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቆጠራ «ምንም የለም» ብሎ ይዋሻል። ስለዚህ ናሙናው እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከመኪናው ወንበር ሥር ተጓዘ።

ቤት ውስጥ ያደረግሁት ነገር ለሙያ ባልደረቦቼ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 በዚያን ጊዜ የኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው ኢንዶኔዥያ ይሠራ የነበረ ቤርማን የተባለ ሐኪም የመንጠቆ ትል እጮችን ከአፈር ለማውጣት ያገኘው ዘዴ አለ። እኛ በሆስፒታል ስትሮንጊሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል ከሰገራ ለመለየት ስንጠቀምበት ኖረናል፤ የዕፅዋት ሐኪሞች ደግሞ ለሥር ትል ይጠቀሙበታል። ሕይወት ያለው ትል እርጥበት ሲያገኝ ይንቀሳቀሳል፣ ውሃ ውስጥ ግን ሽቅብ መዋኘት አይችልምና ወደ ታች ይዘቅጣል። ዘዴው ይህ ብቻ ነው።

ዘዴው በተለምዶ የሚሠራበት የመስታወት ማንቆርቆሪያ (ፈነል)ና የጎማ ቱቦ ስላልነበረኝ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ የሻይ ማጥለያ አስቀምጬ፣ በላዩ ሶፍት አንጥፌ፣ 100 ሚሊ ሊትር አፈር ስስ አድርጌ በተንሁበት። ውሃው ከሥር አፈሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ ሞላሁ። ከዚያ ማንም እንዳይነካው ለቤተሰብ አስጠንቅቆ ማሳደር ነው። በማግሥቱ የሳህኑን ውሃ ወደ ረጅም ብርጭቆ ገልብጬ፣ እስኪዘቅጥ ጠብቄ፣ የላዩን ቀስ ብዬ ደፍቼ የታችኛውን ጠብታ በጠብታ በማይክሮስኮፕ አየሁ።

አፈር ውስጥ ትል ሞልቷል። አብዛኛው ባክቴሪያ እየበላ የሚኖር፣ ለማንም ክፉ ያላደረገ ፍጥረት ነው፤ እሱን ከጠላት ጋር አንድ ላይ የቆጠረ ሰው ማሳውን በሙሉ ይኰንናል። መለያው አፉ ላይ ነው። ተክል የሚወጋ ኔማቶድ ጭንቅላቱ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ትንሽ መርፌ አለችው፤ ባክቴሪያ የሚበሉት የላቸውም። የሥር እባጩ እጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ጠርቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው። ከዳርቻው አፈር ውስጥ ከመቶ በላይ ቆጠርሁ። ደህና ከሚመስለው የላይኛው ክፍል ውስጥም ጥቂት ነበሩ፤ ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ማይክሮስኮፑን ራሱን ይዤው ወረድሁ። ወንድም ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩበት። «ይኼ ነው?» አሉ፤ ከዚያም «መርዙስ ስንት ነው?»

በዚያው ሳምንት ለውዙ በወጣበት መሬት ላይ በውሃ ሞተር ቲማቲም እያዛወሩ ነበር። በየዓመቱ እንዲሁ ነው፤ ክረምት ለውዝ፣ በጋ ቲማቲም። የቤቱ ጥሬ ገንዘብ የሚመጣው ከቲማቲሙ ነው። ምንም አላልሁም፤ ማሰሮ ውስጥ ተክዬ ሳላረጋግጥ የሰው ገቢ ላይ አፌን አልከፍትም።

ጥር

የሥር እባጭ ኔማቶድ ሲባል አንድ ፍጥረት አይደለም። በብዛት የሚያስቸግሩት አራት ናቸው፦ ኢንኮግኒታ፣ ጃቫኒካ፣ አሬናሪያ እና ሃፕላ። ስማቸውን መሸምደድ ለገበሬ ምንም አያደርግለትም፤ የሚበሉትን መለየት ግን የመሬቱ ዕጣ ነው። ኢንኮግኒታ ቲማቲምን ያወድማል እንጂ ለውዝን አይነካም፤ እንዲያውም በእርሱ ለተያዘ መሬት ለውዝ መዝራት መድኃኒት ነው። አሬናሪያ ግን የታወቀው ከለውዝ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ኒል የተባለ ሰው የገለጸው ከለውዝ ሥር አግኝቶት ነው። ስለዚህ «ኔማቶድ አለብኝ፣ ምን ልዝራ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

መለያው ፈተና በሰሜን ካሮላይና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው፦ የተወሰኑ ተክሎችን በታመመው አፈር ላይ ተክሎ የትኛው ሥር እንዳበጠ ማየት። ቲማቲም ለአራቱም ያብጣል፤ እርሱ ካላበጠ ፈተናው ራሱ አልሠራም ማለት ነው። ለውዝ የሚያብጠው ለአሬናሪያ አንዱ ወገንና ለሃፕላ ነው። ሀብሐብን ከአራቱ የሚተወው ሃፕላ ነው። በርበሬን ጃቫኒካ እንደ ልማዱ ይተዋል። ጥጥን የሚበላው ከኢንኮግኒታ የተወሰነው ወገን ነው። ትምባሆም አለበት፤ እርሱን ተውሁት፤ የሚፈለገውን ዝርያ የማገኝበት መንገድ የለም፣ ለእኛ ጥያቄም የሚጨምረው ጥቂት ነው። የበርበሬውና የሀብሐቡ ዝርያዎች ግን ፈተናው የተሠራባቸው ካሊፎርኒያ ወንደርና ቻርልስተን ግሬይ ናቸው፤ ሁለቱንም ከዘር ሻጭ አገኘሁ።

ማሰሮ ያልሁት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው፤ ታቹን በምስማር በስተን አፈር ሞላንበት። ለያንዳንዱ ተክል ሁለት ዓይነት አደረግን፦ አንዱ ከወንዙ ዳር የመጣ አፈር፣ ሌላው ያው አፈር በርሜል ላይ በእንፋሎት የተቀቀለ። ጣሳዎቹን ጎንደር ማምጣት አልፈለግሁም። አንደኛ፣ ጎንደር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ ትሉ በ27 ዲግሪ ሙቀት ትውልዱን በአንድ ወር ገደማ ይጨርሳል፣ በጥር ብርድ ግን ይንቀራፈፋል። ሁለተኛ፣ የታመመ አፈር ተሸክሞ የጎረቤት ጓሮ ውስጥ ማውረድ ነውር ነው። ከምርመራ የተረፈኝንም አፈር ቀቅዬ ነው የደፋሁት።

የካቲት

ውሃ ማጠጣት። የወንድም ጋሼ የልጅ ልጅ ኃላፊነቱን ወስዳለች፤ ጣሳዎቹን በቀለም ምልክት አድርጋ ከእኔ በተሻለ ሥርዓት ይዛለች።

መጋቢት

ጣሳዎቹን ገለበጥን። ሥሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማጠብ ነው፤ በቧንቧ ከታጠበ የሚፈለገው ክፍል ተበጥሶ ይሄዳል። ለእባጩ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ሰጠን፤ ምንም ከሌለ 0፣ ከ100 በላይ ከሆነ 5።

ቲማቲም 5። በርበሬ ወደ 3። ሀብሐብ 4። ለውዝ 4። ጥጥ 0። በተቀቀለው አፈር ላይ ያደጉት ሁሉ ንጹሕ። ኢንኮግኒታ ቢሆን ለውዙ ባልታመመ፤ ሃፕላ ቢሆን ሀብሐቡ ባልታመመ፤ ጃቫኒካ ቢሆን በርበሬውና ለውዙ በዳኑ። የቀረው አሬናሪያ ነው።

ጣሳ ብቻውን ምስክር አይሆንምና ሁለተኛ ማስረጃ ፈለግሁ። የቲማቲሙን ሥር በረኪና ውስጥ ጥቂት ነክሬ አጥቤ፣ ለኬክ በሚሆን ቀይ የምግብ ቀለም አፈላሁት። ትሎቹ ሥሩ ውስጥ ቀልተው ቁልጭ ብለው ታዩ። ሴቲቱ እንደ ወንዱ ቀጭን አይደለችም፤ ከገባችበት ሳትንቀሳቀስ አብጣ ክብ ትሆናለች፣ ከኋላዋም ንፍጥ በመሰለ ከረጢት ውስጥ ከ300 እስከ 500 እንቁላል ትጥላለች። የኋላ ጫፏን በምላጭ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ደግሞ ዓይነቷን ይጠቁማል፤ በዚያ ያሉት የቆዳ መስመሮች በኢንኮግኒታ ላይ ከፍ ብለው ማዕዘን ሲሠሩ፣ በአሬናሪያ ላይ ዝቅ ብለው ይከባሉ፣ በጃቫኒካ ላይ ግራና ቀኝ የሚለያይ መስመር አለ። ያየኋቸው አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ ነበሩ። አንድ ሁለቱ አጠራጥረውኛል፤ ማሳው ውስጥ ከአንድ በላይ ዓይነት መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርጡን የሚናገረው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ ለእኛ ውሳኔ ግን ይህ በቂ ነው።

የቲማቲሙን 5 ለወንድም ጋሼ አሳየኋቸው። ሥሩ ሥር አይመስልም ነበር። «ይኼን በጋ ሙሉ እየቀለብሁት ነው ማለት ነው» አሉ። እኔ ያልሁት አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

ሚያዝያ

ስለ መርዝ መልስ መስጠት ነበረብኝ። አንድ ሻጭ ስሙ የማይነበብ የጥራጥሬ መርዝ «ለትል ሁሉ» ብሎ አሳይቷቸዋል። እንዲገዙ አልፈቀድሁም፤ ምክንያቴም ስስት አይደለም። ኔማቶድ የሚገድሉ ብዙዎቹ ኬሚካሎች የሰውንም ነርቭ የሚመቱ ናቸው። ከእነርሱ በፊት በለውዝ ማሳ ላይ በሰፊው ይፈስ የነበረው ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለ የትል መርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ፋብሪካ የሚያመርቱትን ወንዶች መካን ማድረጉ ታወቀና ከ1979 ጀምሮ በአሜሪካ ከሞላ ጎደል ታገደ። ጓንት ሳይኖር፣ በባዶ እግር፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ ነገር አይበተንም።

የሚቋቋም ዘርስ? አለ፤ እዚህ የለም። የአሜሪካ አዳቃዮች ከዱር ለውዝ ዘመድ የመቋቋም ባሕርይ ወስደው እ.ኤ.አ. በ1999 ኮአን የተባለውን፣ በኋላም ኔማታምንና ቲፍጋርድን አወጡ። እኛ ገበያ ላይ አላየኋቸውም። ለቲማቲምም የሚቋቋም ዘር ይሸጣል፤ የእርሱ ጉልበት ግን የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ይከዳል። ለሳንጃ አሸዋ ይህን መምከር አልደፍርም።

ስለዚህ ፀሐይን ያዝን። ለቲማቲም ችግኝ የሚሆን ትንሽ መደብ ከድንጋይና ከጓል አጽድተን፣ ውሃ እስከ ታች አጠጥተን፣ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ በገዛሁት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሸፈንነው፤ ዳሩን ዙሪያውን በአፈር ቀበርነው። ጥቁር ፕላስቲክ ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥቁሩ ራሱ ይሞቃል እንጂ ብርሃኑን ወደ አፈሩ አያሳልፍም። አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ሙቀት በእርጥብ አፈር ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንቁላሉም በደረቁ ጊዜ እንዳለው አይታገሥም። በ42 ዲግሪ ላይ ትሉ ግማሽ ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። በቀትር 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የከተትሁት ቴርሞሜትር 46 አነበበ፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ከ38 ብዙ አላለፈም፤ እዚያ ታች ያለውን ለመጨረስ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። የጎረቤት ፍየሎች ሁለት ቦታ ረግጠው ቀደዱት፤ በማሸጊያ ፕላስተር ጠጋግነን እሾህ አጠርንበት።

በትልቁ ማሳ ላይ ፕላስቲክ የሚታሰብ አይደለም። እዚያ ቲማቲሙ እንዳለቀ ሥሩን አፈር ውስጥ ከመተው ነቅለን አቃጠልነው፤ ከዚያ ገመሳ ታረሰና በሚያዝያ ፀሐይ ተገለበጠ። አፈሩ በደረቀ ቁጥር እጩ ይሞታል፤ መሬቱ ግን እንደ ሜዳው ሁሉ ሣር የለበሰ ከሆነ ትሉ ምንም አይሆንም። ዳር ዳሩን የበቀለውን አውጥና አስተናግር በተለይ አስነቅያለሁ። አውጥ የቲማቲም ዘመድ ነው፤ ነቅዬ ሳየው ሥሩ እንደ ቲማቲሙ ነበር።

ግንቦት

ፋጉሎ። ይህን ክፍል በጉጉት ነው የጠበቅሁት፤ ምክንያቱም የእኛው አገር ጎመን ዘር ነገሩ ውስጥ አለበት። ጎመን ዘር ሲደቅቅ የሚያስለቅሰው ሽታ የሚመጣው ከውስጡ ካለ ውሕድ ነው፤ ዘሩ ተፈጭቶ ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ውሕዱን ሰብሮ ትል የሚገድል ትነት ያወጣል። ዘሩ ከመጨመቁ በፊት ከተቆላ ኢንዛይሙ ይሞታልና ፋጉሎው ሽታም ጉልበትም አይኖረውም። ጎንደር ውስጥ የዘይት መጭመቂያ ቤቶችን እየዞርሁ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ትቆሉታላችሁ?» የማይቆላ አገኘሁ። አንድ እፍኝ ፋጉሎ በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ሳሸተው አፍንጫዬን ከፈተው፤ ገዛሁ።

ሌላ ከረጢት የኑግ ፋጉሎም ገዛሁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማንኛውም ፋጉሎ ናይትሮጅን አለው፣ ተክሉን ያለመልማል። ጎመን ዘር የተሰጠው መደብ ቢለመልም ትሉ ስለሞተ ነው ወይስ ስለተመገበ? ኑጉ ያንን ይለይልናል። በሆስፒታል እንዲህ ያለውን ማነጻጸሪያ ሳንይዝ ውጤት አንሰጥም ነበር።

ሰኔ

ዝናቡ ገባ። መደቦቹ በወንዙ ዳር አምስት ዓይነት ናቸው፦ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ምንም ያልተደረገለት ለውዝ፣ ለውዝ በጎመን ዘር ፋጉሎ፣ ለውዝ በኑግ ፋጉሎ። ሁሉም በሦስት ቦታ ተደጋግመዋል። ትሉ በማሳው ላይ እኩል አልተበተነምና፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ብንደረድራቸው የምንለካው መሬቱን እንጂ ዘዴውን አይደለም። ወንድም ጋሼ «ለመጎልጎል አይመችም» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ እውነትም አይመችም።

ፋጉሎው በአሥር ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ ሆኖ ተበትኖ፣ ወዲያው ተቀብሮ፣ አፈሩ ረጥቦ፣ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው ለውዙ የተዘራው። ትነቱ ትልንና የለውዝ ቡቃያን አይለይም። ለውዙ በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ስለ ሰሊጥና ጥጥ፦ ይህን ከየትም አላመጣሁትም ማለት ይቻላል፤ የቆላው ሰው ሁልጊዜ የሚዘራው ነው። ነገር ግን በአሜሪካ አላባማ የለውዝ ገበሬዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰሊጥ ለአገሩ እንግዳ ሰብል ሆኖ ከለውዝ ጋር ሲፈራረቅ አሬናሪያን እንደሚያሳሳ ተፈትኗል። ጥጥም እንዲሁ፤ ጥጥ ለአሬናሪያ ምግብ አይደለም። እነርሱ በሙከራ የደረሱበት መፍትሔ እኛ ደጃፍ ላይ በቅሏል፤ እኛ ግን ሰሊጡን ለጥቁር መሬት፣ ለውዙን ለወንዝ ዳር አሸዋ ብለን ከፋፍለን እንዳይገናኙ አድርገናቸዋል። ለውዝ አሸዋ የሚወድበት ምክንያት አለው፣ ዘንጉ በቀላሉ አፈር ይወጋል፤ ትሉም አሸዋ ይወዳል፣ በሰፊ ቀዳዳዎች ውስጥ ይንቀሳቀሳልና።

ነሐሴ

አረም። ከእያንዳንዱ መደብ አንድ አንድ ተክል ነቅለን አየን። ኑግም ጎመን ዘርም የተሰጣቸው ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከመንገድ ለሚያይ ሰው እኩል አምረዋል። ሥራቸው ግን እኩል አይደለም። የኑጉ ሥር ላይ እባጭ እንደ ልቡ ነው፤ የጎመን ዘሩ ላይ ትንሽ፣ ያውም በታችኛው ሥር ላይ። ቅጠል እያየ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳት ነበር።

መስከረም

ሰሊጡ ደረሰና ታጨደ። ለውዙ አበባውን ጨርሷል። በቢጫዎቹ ቦታዎች ላይ በቀትር መጠውለጉ ተጀምሯል።

ኅዳር

ለውዙን የማውጫ ጊዜ የወሰንነው ጥቂት ፍሬ ከፍተን የቅርፊቱ ውስጥ መጥቆሩን አይተን ነው። አሁን ወጥቶ ደርቋል።

ምንም ያልተደረገለት መደብ ዓምና እንደነበረው ነው፤ ብዙ ፍሬ አፈር ውስጥ ቀርቶ በእጅ ተለቀመ። የኑግ ፋጉሎው ትንሽ ጨመረ፤ ቅርፊቱ ግን አሁንም ያበጠ ነው። የጎመን ዘሩ መደብ ከሁለቱም የተሻለ ለውዝ ሰጠ፣ በነጥብም ወደ 2 ወረደ። ነገር ግን የምርት ማብቂያ አፈሩን በሳህኑ ዘዴ ስቆጥር ትሉ መልሶ በዝቷል፤ ያልተደረገለትን መደብ ለመድረስ ጥቂት ነው የቀረው። ፋጉሎው የመጀመሪያዎቹን እጮች መታ፤ የተረፉት ደግሞ ያ ለምለም ሥር ሲጠብቃቸው አገኙ፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ተባዙ። ለዘንድሮ ለውዝ ጠቀመ፣ ለከርሞ መሬት ምንም አላወረሰም።

የሰሊጡና የጥጡ መደብ አፈር ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር ከአሥር በታች ነው የቆጠርሁት፤ በአንደኛው የጥጥ መደብ ላይ ምንም አላገኘሁም። ምንም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ እንቁላሉ በዚህ ዘዴ አይታይም። በጥር መጨረሻ ከእነዚያ መደቦች አፈር ወስደን ቲማቲም በጣሳ እንተክላለን፤ እርሱ ይፈርዳል።

የታመመው ፍሬ ለብቻው ተለይቷል። ቅርፊቱ የተጎዳ ለውዝ ሻጋታ ቶሎ ይገባዋል፤ የመጨረሻው ዝናብ ሲያጥር ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ይበረታል። ለዘርም ለቆሎም አይሆንም፤ ለላም መስጠትም መርዙን በወተት መልሶ መጠጣት ነው። ወንድም ጋሼ ለመጣል ሲያንገሸግሻቸው አየሁ፤ ተቃጠለ። ደህናው ለዘር የተቀመጠው ተፈልፍሎ ደርቆ ነው፤ እንቁላሉ በእርጥብ ቅርፊት ላይ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፣ በደረቀ ፍሬ ላይ ግን አይቆይም።

ታኅሣሥ

ክርክሩ የነበረው በቲማቲሙ ላይ ነው። ሰሊጥና ጥጥ በክረምት ያሳሱትን ትል ቲማቲሙ በበጋ መልሶ ያበዛዋል፤ ይህ ካልተቋረጠ ፈረቃው ሁሉ ከንቱ ነው። ወንድም ጋሼ የሚሉትም ትክክል ነው፤ የልጆቹ የትምህርት ወጪ ከወዴት ይምጣ? ሽንኩርት አሉ፤ ሽንኩርትንም ይበላዋል፣ ምንም እንኳ እንደ ቲማቲም ባይሆን። በቆሎ አሉ፤ እርሱም አይተማመኑበትም።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ቲማቲሙ ከወንዙ ዳር ይነሣል፤ ከዳገቱ በታች ካለው ጥቁር መሬት ላይ ከጎረቤት በእኩል ይያዛል፤ ውሃው በቱቦ ይደርሳል፤ ለነዳጅ የሚጨምረውን እኔ እከፍላለሁ። ችግኙ በፕላስቲክ ከበሰለው መደብ ብቻ ይወጣል፤ ያ መደብ ለሁለተኛ ዓመት በሚያዝያ ይሸፈናል። ማረሻውም ከወንዙ ዳር ወደ ጥቁሩ መሬት ሲሻገር ጭቃው ይታጠባል። የወንዙ ዳር በጋውን ባዶውን ታርሶ ይደርቃል፤ በመጪው ሰኔ ሁለት እጁ ሰሊጥ፣ አንድ እጁ ጥጥ ይሆናል፤ ለውዝ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ጣሳው ንጹሕ መሆኑን ከመሰከረበት መደብ ይጀምራል። የጎመን ዘር ፋጉሎ የሚገባው ለውዙ ሲመለስ ነው፣ ከሰሊጡ በኋላ።

የሰሊጥ ዘር ከገንዳ ውሃ የሚያመጣልን ሰው ተገኝቷል። የጥጥ ዘር ገና ነው።